በግራ ጆሮዬ ያለችው ምስር

ስምንት ወር ሙሉ ኔትወርኩን ስረግም ከረምኩ። ልጄ በገዛልኝ ሞባይል "ሃሎ" ስል ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሆኖ ይመጣና ይጠፋል። ያን ጊዜ ኔትወርክ መርገም የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪው ሁሉ ያለ ጭቅጭቅ የሚስማማበት ብቸኛ ጉዳይ እሱ ነበር። እኔም ከአቃቂ እስከ ሳሪስ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተባብሬ ረግሜያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በሹክሹክታ ስታወራና ስትስቅ እያየሁ እንኳ፣ የእሷ ኔትወርክ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። ሰው አንዴ መርገም ከጀመረ ማስረጃ አይወድም።

አንድ እሁድ ልጄ ከገላን ኮንዶሚኒየም ሊጠይቀን መጣ። ስልኩን አገላብጦ አየው፣ አጥፍቶ አበራው፣ ከዚያ ከአጥር ውጪ ወጥቶ ደወለልኝ። "ሃሎ" አልኩ። ጉድጓዱ ብቻ መለሰልኝ። ተመልሶ ገባና፣ "አባዬ፣ እስቲ በቀኝ ጆሮዎ ይያዙት" አለኝ።

በቀኝ ያዝኩት። ኔትወርኩ ተስተካከለ።

ግራ ጆሮዬ መስነፉ ብዙም አላስደነገጠኝም። የሽመና ክፍል ሰው ነኝ። አቃቂ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜውን ጨርሶ ጆሮው ሙሉ የሆነ ሰው ካለ፣ ወይ ቢሮ ነበር የሚሠራው፣ ወይ ተደብቆ ነበር የኖረው። ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲነሱ አጠገብህ ያለ ሰው በጆሮህ ቢጮህብህ አይሰማህም። ስለዚህ በከንፈር እናወራ ነበር። ድምፅ አናወጣም፤ ቃሉን በአፋችን ሰፋ አድርገን እንስለዋለን፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ሰው አንብቦ ይመልሳል። ካቦው ሥራ ላይ ያለን ይመስለዋል። በዚህ መንገድ ስንት ሰው ታማ፣ ስንት ዕቁብ ተጀመረ፤ እኔም በዚሁ መንገድ ሚስት አገባሁ።

ባለቤቴ ከእኔ አምስት ማሽን ራቅ ብላ ነበር የምትሠራው። አንድ ዓመት ያህል በከንፈር ስናወራ ቆይተን፣ ድምፅዋን መጀመሪያ የሰማሁት መውጫ በር ላይ ለፍተሻ ስንሰለፍ ነው። ከጠበቅኩት በላይ ጎርናና ነበር። እሷም የእኔን ስትሰማ ቀጭን ሆኖባት ሳቀች። አሁን ያን ቀጭን ድምፅ ረስታዋለች። ማሽኑ ከእኔ ይልቅ እሷን ወደዳት መሰለኝ፣ ሁለቱንም ጆሮዋን ወሰደ። ማዳመጫ ገዝተንላት ነበር፤ ሁለት ሳምንት አድርጋው "የጎረቤት ውሻና የኮብልስቶን ፈላጮች ብቻ ናቸው የሚገቡልኝ" ብላ መሳቢያ ውስጥ አስተኛችው። የሌላውን ሰው ከንፈር ግማሽ በግማሽ ታነባለች። ጢም ያለውንና ጥርስ የሌለውን ጨርሶ ትተዋለች። የእኔን ግን ገና ሳልከፍተው ትጨርሰዋለች።

ስለዚህ የቤታችን ሬዲዮ እኔ ነኝ። ቀበሌ የተባለውን፣ ዕድር የተወሰነውን፣ የልጅ ልጆቿ በስልክ ያሏትን እኔ በከንፈር አደርስላታለሁ። የማታውንም ዜና አነብላታለሁ፤ አንዳንዴም አሻሽዬ። በእኔ ዜና የስኳር እጥረት ሁለት ጊዜ ተወግዷል።

የጆሮዬን ነገር ለጎረቤቴ ነገርኩት። የወሎ ሰው ነው፤ ድሮ የሽመና ማሽን መካኒክ ነበር፣ ከጡረታ በኋላ አቃቂ በሰቃ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። መነጽሩን አወለቀ።

"የትኛው ጆሮ?"

"ግራው።"

"ቀኙስ?"

"ደህና ነው።"

"እንግዲያው የፋብሪካው አይደለም" አለ። "ፋብሪካው አድልዎ አያውቅም፤ ሲወስድ እኩል ነው የሚወስደው። ባንድ ወገን ብቻ የሚላላ ነገር ሌላ ብልሽት አለው። ሄደህ አስፈትሽ።"

ሐኪሞቹ በኋላ ይህንኑ ለመናገር ሦስት ቀጠሮ ፈጅቶባቸዋል።

ሌላም ምልክት ነበረኝ፣ ግን ለማንም አላወራሁትም ነበር። ስሄድ ወደ ግራ አዘነብላለሁ። መጀመሪያ በሰፈራችን ኮብልስቶን ያነጠፉትን ልጆች ጠርጥሬ ነበር፣ መንገዱን አጋድለው የሠሩት መስሎኝ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ አረቄውን ጠረጠረ። እኔም አላስተባበልኩም፤ በእኔ ዕድሜ ከታማሚ ጠጪ መባል ያስከብራል።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። የጆሮ ምርመራው ቀን አንዲት ጠባብ ሳጥን ውስጥ አስገቡኝ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ፣ ቁልፍ እጄ ላይ። ከፊቴ መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ወዲያ የምትመረምረኝ ልጅ ተቀምጣለች። "አባባ፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቁልፏን ይጫኑ፤ ትንሽም ብትሆን" አለችኝ። በሩ ተዘጋ።

ሃያ ስድስት ዓመት የሰውን ፊት እያየ የኖረን ሽማግሌ ከመስታወት ፊት ማስቀመጥ የእሷ ስህተት ነው። ልጅቷ ድምፁን ልትልክ ስትል ከንፈሯን ወደ ውስጥ እጥፍ ታደርጋለች። እኔም እጫናለሁ። እጥፍ ታደርጋለች፣ እጫናለሁ። ልብ በሉ፣ ላታልላት ብዬ አልተነሳሁም። ማሽን ፊት የቆምኩ ያህል እጄ በራሱ ነው የሚሄደው። ስጨርስ ወረቀቱን ይዛ መጣች፣ ግራ ተጋብታ።

"አባባ፣ የግራ ጆሮዎ ከእኔ ጆሮ ይበልጣል።"

ደስ አለኝ። ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ፈተና ሳልፍ የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ግን ትንሽ አየችኝ፣ ከዚያ መስታወቱን አየች፣ ከዚያ ወንበሬን ይዛ ወደ ግድግዳው አዞረችው። ግድግዳው ምንም አልነገረኝም። ቁልፏን ይዤ እንደ ሞኝ ተቀመጥኩ፤ ቀኙ ተራውን ሲያገኝ ጫንኩ ጫንኩ፣ ለግራው ግን እጄ አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል።

ከዚያ ኤምአርአይ ወደሚባለው መሣሪያ ላኩኝ። ሰው ሁሉ አስፈራራኝ፤ መቃብር ይመስላል፣ ጩኸቱ አያድርስ ነው፣ አንዳንዱ አስወጡኝ ብሎ ይለምናል አሉኝ። ገባሁ። ማሽኑ ተነሳ። ታክ ታክ ታክ፣ ከዚያ ጉርርር፣ ከዚያ እንደገና ታክ ታክ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። ያስወጣኝ ባለሙያ እየቀሰቀሰኝ፣ "እንዴት ተኙ በዚህ ጩኸት?" አለኝ። "የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ" አልኩት።

ውጤቱን የነገረኝ ሐኪም ጎልማሳ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየኝ።

"አባቴ፣ ዕጢ ነው። ግን አይደንግጡ፤ ክፉው ዓይነት አይደለም። ካንሰር አይደለም፣ ወደ ሌላ ቦታም አይሄድም። ከጆሮ ወደ አንጎል በሚሄደው ነርቭ ላይ ነው የተቀመጠው። ማዘንበልዎም ከሱ ነው።"

"ምን ያህላል?"

"የምስር ፍሬ ቢያክል ነው።"

"ክክ ነው ድፍን?"

ቀና ብሎ አየኝ። "ድፍን" አለ።

ከዚያ መንገዶቹን ነገረኝ። አንደኛው መጠበቅ ነው፤ በዓመት በዓመት እየመጣሁ እየታየሁ። "ብዙዎቹ በጣም ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት። ጨርሶ የማያድግም አለ" አለኝ።

"ዕድገቱ ባለ ሁለት አሃዝ አይደለማ።"

ሐኪሙ በሩን አየት አደረገ፣ መዘጋቱን አረጋገጠና ፈገግ አለ። "ባለ አንድ አሃዝም ላይሆን ይችላል።"

ሁለተኛው ማውጣት ነው። በጨረር የሚያክሙም አሉ፣ ግን ለሱ ውጭ አገር መሄድ ይጠይቃል አለ። እኔ ሳሪስን ማለፍም ያዞረኛል አልኩት። ያ ተዘጋ። ሁለቱ ቀሩ።

"ብንጠብቅ የግራው መስማት ቀስ እያለ ሊጠፋ ይችላል፤ ከጠፋ አይመለስም" አለ። "ብናወጣው ከዕጢው ይገላገላሉ፣ መስማቱ ግን አብሮት ሊሄድ ይችላል። ሌላው ነገር፣ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ጎን ለጎን ነው የሚያልፈው። እንዳይነካ እንጠነቀቃለን። ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ከተነካ ግን…" በጣቱ የራሱን ከንፈር በአንድ ወገን ወደ ታች ሳበው። "ይህ ወገን ይሰንፋል። ለጊዜው፣ አንዳንዴም ለሁልጊዜው።"

"እና ብጠብቅ ይሻላላ።"

"መጠበቅም የራሱ አለው። ካደገ በኋላ ማውጣቱ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ለነርቩ ይበልጥ ያሰጋል። አሁን ግን ትንሽ ነው። ቤተሰብ አማክረው ይምጡ።"

"በዚህ ዕድሜ ፊቴን ማን ያየዋል ዶክተር?" አልኩ። ሳቅን። ጨብጬው ወጣሁ። ፊቴን ማን እንደሚያየው ያወቅኩት ሚኒባሱ ሳሪስ ሲደርስ ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ነበር። "ምን አሉህ?" አለች።

"ዕጢ ነው። ክፉ አይደለም። ምስር ታህላለች።"

"ምን ታደርጋለች እዚያ?"

"ትቀመጣለች።"

"ቢያወጡልህስ?"

መሐረቤን አውጥቼ አፍንጫዬን ጠረግኩ፤ ብዙ ጠረግኩ። በእኛ ቤት ውሸት የሚነገረው አፍ ተሸፍኖ ነው። "ይታሰብበታል አሉ" አልኩ ስጨርስ። እሷም አፍንጫዬን አየችና ወደ ጓዳ ገባች።

ወሬው ከእኔ ጋር አንድ ታክሲ ላይ የመጣ ይመስል በማግስቱ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። "ክፉ አይደለም" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማንም አልሰማውም፤ ከእኔ ይልቅ ደንቆሮው ሰፈሩ ሆነ። እየመጡ ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ ከንፈር ይመጥጣሉ። ጠበል የጠቆመኝ አለ፣ ቅጠል የጠቆመኝ አለ። የዕድራችን አንዷ እመቤት፣ የልቅሶ ቤት ነገር ሁሉ በእጇ የሚያልፍ፣ ስትወጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ለመሆኑ ደህና ጉርድ ፎቶ አለዎት?" አለችኝ። የመታወቂያዬን አሳየኋት። "ይሄ አይሆንም፣ ሲያሳድጉት ይደበዝዛል" አለች። የሰፈሩ ሰው በአንድ ሳምንት ወስኖልኛል ማለት ነው፤ ያልወሰንኩት እኔ ነበርኩ።

መጠበቅን በተመለከተ ልምድ የሌለኝ ሰው አይደለሁም። ስልክ ጠብቄያለሁ፣ የጡረታ ማስተካከያ ጠብቄያለሁ፣ ኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ ዕጣ ጠብቄያለሁ። ልጄ ከእኔ በኋላ ተመዝግቦ ከእኔ በፊት አራተኛ ፎቅ ወጣለት። እሱ ስለዚህ በዕድል ያምናል፣ በመቸኮልም ያምናል። ቀጣዩ እሁድ እንደመጣ ሳይቀመጥ ጀመረ።

ግቢ ውስጥ ነን። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ፣ እሱ ከፊቴ ቆሟል። እናቱ ከኋላዬ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ጀርባዬ ለእሷ ስለሆነ የእኔን አፍ አታይም። ይህን አስቤ ነው የተቀመጥኩት።

"አባዬ፣ ምስር እያለች ነው ማውጣት" አለ። "ባቄላ ስትሆን ሊያወጧት ነው የሚጠብቁት? እባብ ቤት ውስጥ ገብቶ ትንሽ ነው ተብሎ ይተዋል?"

"የእኔዋ ተኝታለች።"

"ትነቃ እንደሁ ማን ያውቃል? ፊትዎ ቢጣመም እንኳ ምን አለ፣ በሕይወት ካሉ።"

"ቀስ በል፣ እናትህ አለች።"

"እማዬ መች ትሰማለች።"

ከሁለት ሸማኔ የተወለደ ሰው ይህን ማለት አልነበረበትም። የእኔ ጀርባ ነበር ለእሷ የዞረው፤ የእሱ ፊት ግን እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለእሷ ቀጥ ብሎ ነበር የቆመው። ጢሙን ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት ተላጭቷል።

"የምን ፊት ነው?" አለች።

ድምፅዋን የምትለካበት ጆሮ ስለሌላት፣ ስትቆጣ ሽመና ክፍል ያለች ያህል ነው የምትናገረው። የጎረቤት ውሻ ዝም አለ። መካኒኩ በአጥሩ ላይ ብቅ አለና መልሶ ገባ። ጎመኑን ጥላ መጣች፣ እጇ እርጥብ እንደሆነ አገጬን ያዘችና ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ። እኔም አፌን በመዳፌ ሸፈንኩ።

"እጅህን ከአፍህ አንሳ። ንገረኝ።"

ነገርኳት። ድምፅ ሳላወጣ፣ እንደ ድሮው። ስለ ነርቩ ነገርኳት፣ ከንፈሬ በአንድ ወገን ሊሰንፍ እንደሚችል፣ ብንጠብቅም አድጋ ኋላ የባሰ ልትሆን እንደምትችል። ምንም አላሻሻልኩም። ልጃችን መሃላችን ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል፤ ይህን ቋንቋ አላስተማርነውም፣ ከእሱ የምንደብቀው ነገር ነበረና።

ረዥም ጊዜ አፌን አየች። ዓይኔን አይደለም። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

"ጆሮውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት" አለች፣ እስከ ዋናው መንገድ በሚሰማ ድምፅ። "እሱ ድሮም ሲነገረው አይሰማም። አፉን ግን ተዉልኝ።"

ልጄ ቀይ ሆነ። "እማዬ፣ ኋላ ብታድግስ? ያኔ አፉም ሊሄድ ይችላል" አለ፣ አሁን ከንፈሩን ገጥሞ። ልታነበው አልቻለችም። ወደ እኔ ዞራ "ምን አለ?" አለች።

ያን ጊዜ ማሻሻል እችል ነበር። "እሺ አለ" ብላት ማን ያውቅብኛል። እውነቱን ለመናገር ከንፈሬ ለዚያ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን ያለውን እንዳለ አደረስኩላት።

ትንሽ አሰበች። "ሐኪሙ በየዓመቱ ያይ የለም እንዴ? ማደግ ስትጀምር ያኔ ይቆረጣል። እስከዚያ ይናገር" አለች። ከዚያ ለእኔ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ "ፈርተሃል?" አለችኝ።

"ኧረ ምን ያስፈራኛል።"

"ከንፈርህ ይንቀጠቀጣል።"

"በርዶኝ ነው።"

"በሚያዝያ?"

ጎመኗን ልትቀነጥስ ተመለሰች። ልጄ በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና፣ "ምን አለችዎ አባዬ?" አለኝ። "ምሳ ብላ አለችህ" አልኩት።

እንዲህ ተወሰነ። ለሐኪሙ ሄጄ "እንጠብቃለን" ስለው፣ "ቤተሰብ አማከሩ?" አለኝ። "አማከሩኝ" አልኩት። በመጀመሪያው ዓመት ሄጄ ማሽኑ ውስጥ ተኛሁ፤ በሁለተኛውም ተኛሁ። የሚያስገባኝ ባለሙያ አሁን ያውቀኛል፣ "አባባ፣ ዛሬ ትራስ ላምጣ?" ይለኛል። ፎቶ የጠየቀችኝ የዕድር እመቤት ግን ከሞት መቅረት የሚባል ነገር አይገባትም፤ በዓመቱ ስታየኝ የተቀየመች መሰለችኝ።

በሁለተኛው ዓመት ሐኪሙ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሰቀለ። "አላደገችም" አለ። "እዚያው ናት።" ከዚያ የጆሮውን ወረቀት አየ። "ግራው ግን ብዙ የቀረው የለም።" አውቄው ነበር። ማታ በቀኝ ጎኔ ከተኛሁ ዓለም ትጠፋለች፤ ደስ የሚል ነገርም አለው። የሚዘፍን ሲሰለቸኝ፣ ሰባኪ ሲረዝምብኝ፣ የስብሰባ ሊቀመንበር "በመጨረሻም" ሲል፣ ግራዬን እሰጠዋለሁ።

ያን ቀን ሚኒባሱ ከመንገዱ ማዶ አወረደኝ። የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ኮንቴይነር ጭነው ተከታትለው ያልፋሉ፤ ለመሻገር ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለቤቴ ከወዲያ በኩል ቆማለች፤ ዘንቢል ይዛለች፣ ገበያ የምትሄድ ለመምሰል፣ ገበያው ግን በሌላ አቅጣጫ ነው። በመኪኖቹ መሃል ክፍተት ሲገኝ አፌን ሰፋ አድርጌ፣ "አላደገችም" አልኳት። ሁለት ሰካራም እንኳ በዚያ ጩኸት አይግባባም። እሷ ግን አገጯን ነቀነቀች።

"ጆሮህስ?"

"ሄዷል።"

ተሳቢ አለፈ፣ አቧራው አለፈ። ሲገለጥ እዚያው ቆማለች፤ ዘንቢሉን ወደ ሌላኛው እጇ አዛውራለች። በባዶ እጇ ፊቷን ትንሽ ያዝ አደረገችና መልሳ ለቀቀችው።

"ሽንኩርቱስ?" አለች።

ሽንኩርት ግዛ ተብዬ ነበር፣ ጠዋት፣ ሁለት ጊዜ። በጣቴ ግራ ጆሮዬን አሳየኋት፤ አልሰማሁም ማለቴ ነው። ከሚስቱ ጋር በከንፈር እያወራ አልሰማሁም ለማለት የሚደፍር ባል ከአቃቂ ውጭ ያለ አይመስለኝም። እሷም ሳትቆጣ፣ እንደ ድሮው ከአምስት ማሽን ማዶ እንደምታወራኝ፣ ከንፈሯን ከፈት፣ ገጠም፣ ከፈት አድርጋ ቃሉን ደገመችልኝ። አሁንም አላየሁም ለማለት ዓይኔን መጨፈን ነበረብኝ።

ዞሬ ሽንኩርት ልገዛ ሄድኩ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያዘነበልኩ።